ሦስተኛው በርሜል

እናትየው ወይኑን ገና ሳትቀምሰው ፈርዳበታለች። ፍርዱን መሀረቧ ውስጥ እንደ ቋጠረችው ሳንቲም አጥብቃ ይዛ ነው ከቤት የወጣችው። ልጇ "እንዴት ነው እማዬ?" ስትላት የምትመልሰውን ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ ስትለማመድ መጣች። "እንደ ፈራሁት ነው። በይ አሁን ወደ ሥራሽ ተመለሽ" ትላታለች። ከዚህ አታስረዝምም፣ ከዚህም አታሳጥርም።

ለወይን ያላት ጥላቻ እንደ ሌላው ሰው ከስካር የመጣ አልነበረም። ባሏም ሰክሮ አያውቅም፣ ወንድሞቿም ሰክረው አያውቁም። እሷ ወይንን የምታውቀው በጠረጴዛ ልብስ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆቴሎችን አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የሚያጥብ ላውንደሪ ውስጥ ሠርታለች። ዘይት በሙቅ ውሃ ይለቃል፤ ደም እንኳ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ይለቃል። ወይን ግን እንደ ክፉ ተከራይ ነው፤ ወጣ ብለው እፎይ ሲሉ፣ ጨርቁ ሲደርቅ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀምጦ ይገኛል። እሱን የሚያሸንፈው በረኪና ብቻ ነው። በረኪና አያያዝ ላይ ደግሞ እሷን የሚስተካከል ስላልነበረ የሥራ ጓደኞቿ "እትዬ በረኪና" ይሏታል። ስሙ ሲወጣ ለሽሙጥ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። የጣቶቿ ጫፍ ተልጦ ያለቀ ነው። አፍንጫዋ እንዴት እንደተረፈ እግዜር ይወቅ፤ ከሁለት መቶ አንሶላ መሀል በደንብ ያልታጠበውን አንዱን ዓይኗን ጨፍና ታወጣዋለች።

ልጇን ያሳደገችው በዚያ በረኪና ነው። አስተምራ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ አደረገቻት፣ ነጭ ጋዋን ለበሰችላት። ጋዋኑን ለማንም ሳትሰጥ ራሷ ታጥብላት ነበር። ልጅቷ ታዲያ ስምንት ዓመት ሠርታ ሠርታ፣ አንድ ቀን ጋዋኑን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ ወይን ልጥመቅ ብላ ተነሣች። ያን ሰሞን እናትየው ላውንደሪው ውስጥ ለሰማትም ላልሰማትም ስታወራ ሰነበተች፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስዋጋው የኖርኩትን ጠላት ልጄ ሄዳ በበርሜል ታራባዋለች፣ እያለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነበር። ስለ ሥራው አንድ ነገር በጠየቀች ቁጥር ልጅቷ "ተይው እማዬ፣ አይገባሽም" ትላታለች። በክፋት አይደለም፤ ደክሟት ነው፣ ቸኩላ ነው። ይሁን እንጂ ለወይን ገበሬው ቆማ ስታስረዳ ትውላለች፤ ለጠርሙስ አቅራቢው በስልክ ግማሽ ሰዓት ታስረዳለች። ለወለደቻት እናት ሲሆን "አይገባሽም"። እናትየው በስልሳ ዓመቷ ደብተርና እርሳስ ገዝታ የጎልማሶች ትምህርት የገባችው በዚህ እልህ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ሰባት ወር ሆኗታል። አሁን የአውቶቡሱን ታፔላም የመድኃኒት ብልቃጡንም ታነባለች፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንዷን ፊደል ከሌላዋ እያቆላለፈች።

በዚህ መሀል ነው ልጅቷ የደወለችላት። ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል። የትልቁ ሆቴል ወይን ቀማሽ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይመጣል፤ ከወደደው ሆቴሉ ዓመቱን ሙሉ ከእሷ ይወስዳል፤ ካልወደደው ግን መጋዘኑን ዘግታ ወደ ላቦራቶሪዋ ትመለሳለች፣ ሌላ መንገድ የላትም። የእሷ አፍንጫ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አይሸተውም።

"ከሱ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ነይና አሽትችልኝ" አለቻት። "አንቺን ነው የማምነው። የሚሸት ነገር ካለ ሳላቀርበው ልወቅ።"

ደስ ሊላት ሲገባ እናትየው አንጀቷ ተቃጠለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አእምሮዋ አላስፈለገም፤ ዛሬ አፍንጫዋ አስፈለገ! መጣሁ አለች እንጂ ቅዳሜ ጠዋት ፌርማታው ላይ ተቀምጣ ሆን ብላ አንድ አውቶቡስ አሳለፈች። ሁለተኛውንም አሳለፈች። መጋዘኑ ጋ ስትደርስ የቀማሹ መኪና ደጅ ላይ ቆሟል።

ቦታው ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ትንሽ ሆኖ ተሰክቷል፤ የሲሚንቶው ወለል ወደ አንድ ጥግ፣ ወደ ውሃ መውረጃው ያዘቀዝቃል። ሦስት የእንጨት በርሜሎች በወፋፍራም ሳንቃዎች ላይ ተጋድመዋል፤ ሆዳቸው ላይ በጠመኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ተጽፏል። መሀል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎች፣ ከሥሩ ባልዲ። በጠረጴዛው ላይ ልጅቷ ነጭ ጨርቅ አንጥፋለች። እናትየው ሰላምታ ሳትሰጥ ወደዚያ ጨርቅ ተመለከተች። ወይን በሚቀዳበት ቦታ ነጭ የሚያነጥፍ ሰው እናት አላሳደገውም ልትል አፏ ላይ መጣ፤ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ዋጠችው።

ልጅቷ እንዳየቻት ደነገጠችም፣ ተናደደችም፣ እፎይም አለች፤ ሦስቱም በአንዴ ፊቷ ላይ ታየ። "እናቴ ናት" አለችው ቀማሹን።

ቀማሹ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ "እንደምን አሉ እማማ" አላት። ሥርዓት ያለው ሰው ነው ብላ አንድ ነጥብ ሰጠችው። ነጥቡን ግን ወዲያው ነጠቀችው፤ ምክንያቱም ልጇ በመስታወት ቱቦ ከመጀመሪያው በርሜል ሳብ አድርጋ የቀዳችለትን አሽትቶ፣ አዙሮ፣ ተጉመጥምጦ፣ ጢቅ አድርጎ ባልዲው ውስጥ ተፋው።

"እቤትህም ሰው ያቀረበልህን እንዲህ ነው የምትተፋው?" አለችው።

ልጅቷ ወለሉን አየች። ቀማሹ ግን ሳቀ። "እማማ፣ ብውጠውማ ከምሳ በፊት ተሸክመው ነው የሚያወጡኝ" አለና ደብተሩ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገ። ወዶታል። ልጅቷ ከትከሻዋ ላይ ሸክም እንደ ወረደላት ሁሉ ተነፈሰችና፣ ለእናቷም ከዚያው ትንሽ ቀድታ ሰጠቻት።

እናትየው ብርጭቆውን እንደ መርዝ ተቀበለችው። ኮምጣጤ ይሆናል ብላ ምላሷን ሰብስባ፣ ፊቷን አስቀድማ ጨምድዳ ተጎነጨች። ሆኖም አልቆረጣትም። በመጀመሪያ ትንሽ ጎመዘዛት፣ ገና እንዳልበሰለ ፕሪም ቅርፊት። ቀጥሎ ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ላይ ዝናብ ሲወርድ የሚሸተው ዓይነት ነገር አፍንጫዋን ከውስጥ ነካው። ከዚያ ጉሮሮዋን ሞቅ አድርጎ፣ ሳትፈቅድለት፣ ወረደ። ባልዲው ከእግሯ ሥር ነበር፤ መትፋቱን ረሳችው።

ተናደደች። ሃያ ሁለት ዓመት የተጣሉትን ጠላት በመጨረሻ ፊት ለፊት አግኝቶ፣ መልከ መልካም ሆኖ እንደ ማየት ነው። ቢያንስ አስቀያሚ መሆን ነበረበት። አሁን ያን የተለማመደችውን ንግግር ምን ታደርገዋለች? ልጅቷ በዓይኗ ጠየቀቻት። እናትየው "ይጠጣል" አለችና ዞር አለች፤ ብርጭቆውን ግን አላስቀመጠችውም።

ሁለተኛውም በርሜል እንደዚያው ሆነ። ቀማሹ ሁለት ጊዜ ጨምሮ አስቀዳ።

ወደ ሦስተኛው ሲደርሱ የልጅቷ ድምፅ ተለወጠ። ይህኛው ከኮረብታው ላይ ካሉት አሮጌ የወይን ተክሎች የተለቀመ ነው፤ ፍሬው ጥቂት ስለሆነ ፍሬ በፍሬ ነው የመረጠችው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ አስቀሪ ብትባል ይህን ነው የምታስቀረው። ለሙሽራ እንደሚቀዳ አድርጋ ቀዳችለት። ቀማሹ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ወዲያው መለሰው። እንደገና አሸተተ። ከዚያ ሳይጎነጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"እርጥብ ካርቶን" አለ። "አዝናለሁ። ይህ አይጠጣም።"

ልጅቷ ብርጭቆውን አንሥታ አሸተተች፤ በተዘጋ አፍንጫ ምን ይሸተታል? ሳል ብቻ ተረፋት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየው ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ጉልበቷ ሲደማ "ይድናል አይደል?" የምትልበት ዓይን ነው።

እናትየው አሸተተች። ቅዳሜ ረስተውት ሰኞ የሚያገኙት እርጥብ ጨርቅ ነው። የላውንደሪው ምድር ቤት፣ ውሃ ያቋረ ጥግ። ከቤቷ ይዛው የመጣችው ፍርድ ይኸው እውነት ሆኖ እጇ ላይ መጣላት። እንደ ፈራሁት ነው፣ በይ ወደ ሥራሽ ተመለሽ፤ አሁን መባል ያለበት ይህ ነበር።

"ምንም የለበትም" አለች። ቀማሹ ሲያያት ደግሞ እልህ ያዛትና ብርጭቆውን እስከ ሥሩ ጨለጠችው። "በጣም ጥሩ ነው። ያንተ አፍንጫ ነው የታመመው።"

ቀማሹ አልተከራከራትም። ለልጅቷ ነው የነገራት፤ ይህ ሽታ ከወይኑ ሳይሆን ከበርሜሉ ይመጣል፣ በረኪና የነካው እንጨት ወራት ቆይቶ እንዲህ ያደርጋል። በርሜሉን በበረኪና ያጠበው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቃት።

ልጅቷ ደሟ ፈላ። እዚህ ቤት በረኪና ደጁን ረግጦ አያውቅም አለች። እጇንም ወደ በሩ አጠገብ ዘረጋች፤ እዚያ በላስቲክ የተሸፈነ፣ በቀይ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ የቀን ሠራተኞች እንኳ እሱን ሳያነቡ አይገቡም። ይህማ የዚያ የበርሜል ሠሪው ሽማግሌ ሥራ ነው። በውሃና በድኝ ብቻ ነው የማጥበው ብሎ ምሎ ሸጠላት፤ አታለላት። በርሜል የሚገዛ ሰው ሁሉ እንዲያውቅበት ታደርጋለች።

ቀማሹ ደብተሩን ከደነ። "ሦስቱንም ከሱ ነው የገዛሽው?"

ከሱ ነው።

"እንግዲያው አንዱንም መውሰድ አልችልም። ዛሬ የማይሸተው ከሁለት ወር በኋላ ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ቢሸትስ? ምንጩን ሳላውቅ ስሜን አላስገባም።"

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የሽማግሌውን ቁጥር መፈለግ ጀመረች።

እናትየው ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ወረቀቱን ታውቀዋለች፤ ዓምናም እዚያው ነበር። ከንፈሯ ሳታዝዘው ተንቀሳቀሰ። "በ... ረ... ኪና..." ይህን ቃል ከስሟ ቀጥላ ነው የተማረችው፤ ከጠርሙሱ ላይ አይታ፣ መምህሯን ጠይቃ። "በረኪና ወደዚህ ክፍል ፈጽሞ አይገባም። እንጨት አይነካም።"

ዓምና፣ ፍሬው ሊለቀም አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ለልጇ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ ጠርሙስ ልታይ ወጥታለች፤ በሩ ክፍት ነው። ሁለቱ በርሜሎች እንጨታቸው እንዲያብጥ እስከ አፋቸው ውሃ ተሞልተው ተወትፈዋል። ሦስተኛው ባዶውን፣ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። አፍንጫዋን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች፤ የቆየ፣ የጨለመ፣ የእንጨት ሽታ። ልጄ የሰው መጠጥ በዚህ ልታስቀምጥ ነው? ቦርሳዋ ውስጥ በረኪና መቼ ጠፍቶ። ውሃ አፍልታ፣ በረኪናውን ሙሉውን አፍስሳ፣ በርሜሉን እያንከባለለች አጠበችው። ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው። ወጥታ ስትሄድ የወረቀቱን ላስቲክ አቧራ ስለያዘው እሱንም ወለወለችው። ለልጅቷ አልነገረቻትም፤ ምንም እንዳትነኪ ተብላለች። ደግሞ ደግ ሥራ አይወራም ብላ። ዓመቱን ሙሉ ወይን በተነሣ ቁጥር፣ እየጠላችውም ቢሆን፣ ቢያንስ ንጹሕ በርሜል ውስጥ ነው ያለው እያለች ልቧን ታሳርፍ ነበር። ኩል ልቀባ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይህ ነው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እንዲያውም ዝም ማለት ነው የሚያዋጣት። ቀማሹ ይሄዳል፣ መጋዘኑ ይዘጋል፣ ልጇ ጋዋኗን ትለብሳለች፤ ሁለት ዓመት የጸለየችው በአንድ ሰዓት ዝምታ ይፈጸማል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ስሙ ይጠፋል። ሽማግሌውን አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ በርሜሎቹን ሲያወርድ የተላጡ ጣቶቿን አይቶ፣ የራሱን የተሰነጠቀ መዳፍ ዘርግቶ፣ "እኛ ሁለታችን ብንጨባበጥ እሳት ይነሣል" ብሏት ነበር።

"ሃሎ አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው" አለች ልጅቷ። "ምነው እንዲህ አደረጉኝ?"

እናትየው ስልኩን ከእጇ ነጠቀቻት። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እርስዎን የሚመለከት አይደለም። በርሜሉን በበረኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ። እናቷ።"

ከወዲያ ማዶ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሱ ሚስት ደግሞ አንድ ጊዜ በልብስ ሳሙና አጥባበት እንደነበር፣ እሷን ይቅር ለማለት ሦስት ዓመት እንደፈጀበት ነገራትና ሰላም ዋሉ ብሎ ዘጋው።

ልጅቷ ባለችበት ቆማ ቀርታለች። "አንቺ?" አለች።

"እኔ። ዓምና። ሦስት ጊዜ አለቅልቄዋለሁ።"

"ወረቀቱ በሩ ላይ አለ እኮ እማዬ! ሰው ሁሉ..."

"አዎ፣ ሰው ሁሉ!" አለች እናትየው። ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ቁጣው ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከሆዷ እየገነፈለ ወጣ። "ሰው ሁሉ ያነባል። ያን ጊዜ እኔ ማንበብ እንደማልችል ካንቺ በላይ የሚያውቅ አለ? ለቀን ሠራተኛው ጻፍሽለት። ለገበሬው አስረዳሽው። እኔ ስጠይቅሽ 'አይገባሽም'። ሃያ ሁለት ዓመት በረኪና የያዘች እጅ ባዶ በርሜል ስታገኝ ምን ታደርጋለች ብለሽ ነበር? አንዲት ቃል በአፍሽ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ጠላሁትም ወደድኩትም፣ ልጄ የሠራችውን አበላሽ ነበር?"

ልጅቷ "ያን ጊዜ ነው ያልሽው?" አለች ቀስ ብላ። "አሁንስ?"

እናትየው ወደ ወረቀቱ ዞራ፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች፣ እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ አነበበችው። ሁለተኛው ቃል ላይ ተደናቀፈች። ማንም አላቀናላትም። ስትጨርስ "ሰባት ወር ሆነኝ" አለች።

ቀማሹ አንገቱን አቀርቅሮ ይህን ሁሉ ሰምቶ ነበር። አሁን ቀና ብሎ፣ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎት አለ። ሌሎቹ ሁለቱ በዚያ ቀን ምን ላይ ነበሩ? ውሃ ሞልቷቸው፣ ተወትፈው ነበር አለችው። በረኪናው አልተረፈም? ጠብታ አልተረፈም። ሄዶ አንደኛውንና ሁለተኛውን ውታፋቸውን ነቅሎ ደጋግሞ አሸተተ። እናትየውም ተጠርታ አሸተተች። ንጹሕ ናቸው። ደብተሩን ከፈተ። ሁለቱን እንደሚወስድ ነገራቸው፤ ሦስተኛው ግን ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ፣ ወይኑም እንጨቱም። ሲወጣ እናትየውን ጨብጧት፣ "አፍንጫዎን ለኔ ቢሰጡኝ" አላት። እሷም እየተፋህ ልታባክነው ነው አለችው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ልጅቷ ሌላ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት የደከመችበት፣ ፍሬ በፍሬ የመረጠችው ወይን ነው። እናትየው "ስደቢኝና ይውጣልሽ" ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ግን አልተሳደበችም። ቆይታ አፍንጫዋን ተናፈጠችና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳት ጀመረች። አንሶላ ሲለቀለቅ ይለቃል፤ እንጨት ግን ይጠጣል። በረኪናውን ወደ ውስጥ ይጠጣዋል፤ የቱንም ያህል ቢያለቀልቁት አይወጣም። እንጨቱ ውስጥ ደግሞ ዓይን የማያየው ሻጋታ አለ። ሻጋታው ያን ሲበላ ሌላ ነገር አድርጎ ይመልሰዋል፤ የሚሸተው እሱ ነው።

"ታዲያ በምንድን ነው የሚታጠበው?" አለች እናትየው።

"በፈላ ውሃ። ከዚያ ድኝ ይጨስበታል።"

"ሻጋታው በድኙ ይሞታል።"

"ይሞታል።"

እናትየው ትንሽ አሰበች። "ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ይህን ነው ሁለት ዓመት ሙሉ አይገባሽም ያልሽኝ?"

ልጅቷ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ነገር አወጣች። ተነሥተው፣ አንዷ በወዲህ አንዷ በወዲያ ይዘው፣ ሦስተኛውን በርሜል አንከባልለው ወደ ውሃ መውረጃው አመጡት። ውታፉን ልጅቷ ነቀለችው። ወይኑ እየተንዶለዶለ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ፣ ተንጣለለ፣ ወረደ። ለመፍሰስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሲያልቅ በቱቦ ውሃ ለቀቁበት፤ ቀዩ ግን ከወለሉ አልወጣም፣ ከበርሜሉ ሥር እስከ ጥጉ ድረስ እንደ ካርታ ተዘርግቶ ቀረ።

እናትየው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቁልቁል አየችው። ይህን የሚያስለቅቀውን አንድ ነገር ታውቃለች፤ ቦርሳዋ ውስጥም ነበር። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ደጅ ወጣች፣ ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው፣ ባዶ እጇን ተመለሰች።

"ይቅር፣ እዚያው ይኑር" አለች። "በይ ከአንደኛው ቅጂልኝ። ይህ አፌ ውስጥ ያለው እርጥብ ካርቶን እስከ ማታ ሊከተለኝ ነው።"